ማይክ ላይ ያመለጠች ቃል

የመድረኩ ብረት የጋኤታን ላቨርዲዬርን የግራ እግር አውራ ጣት ሲያገኘው ማይኩ ክፍት ነበር።

ክፍት ነበር ማለት ብቻ አይበቃም። በሳንት-ኦዲል መናፈሻ ዙሪያ የቆሙት ድምፅ ማጉያዎች ለማታው በዓል ተብለው ከሞንትሪያል በከባድ መኪና የመጡ፣ እያንዳንዳቸው አንድ በሬ ከነቀንዱ የሚውጡ ነበሩ። ሰውዬው አስነጥሶ ቢሆን ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር በአንድ ድምፅ “ይማርህ” ይለው ነበር። ጋኤታን ግን አላስነጠሰም። ጮኸ።

“ፎክ!”

ቃሏ ከመድረኩ ተነሥታ የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ መታች፤ ነጥራ የማዘጋጃ ቤቱን መስኮቶች አንቀጠቀጠች፤ ወንዙ ላይ ወርዳ ዳክዬዎቹን አስበረገገች። ወንበር የሚደረድሩት፣ ሰማያዊና ነጩን ባንዲራ የሚሰቅሉት፣ ድንች ጥብስ ላይ ትኩስ መረቅ የሚያፈሱት ሁሉ እጃቸው ባለበት ቀረ።

መሳደቡ አልነበረም ያስደነገጣቸው። በስድብ እኛን ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹን የኩቤክ ሰዎች የሚስተካከል ሕዝብ በምድር ላይ የለም። ጣታችንን መዶሻ ሲያገኘን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለውን ንዋየ ቅድሳት አንድም ሳናስቀር እንጠራለን። ታቦቱን እንጠራለን፣ ጽዋውን እንጠራለን፣ ሥጋ ወደሙን እንጠራለን። አያቶቻችን ቄሶቹን እየፈሩ ስለኖሩ ንዴታቸውን በቄሶቹ ዕቃ ተወጡ። ዛሬ ቤተ ክርስቲያኖቹ ባዷቸውን ናቸው፤ ግማሾቹ የስፖርት አዳራሽ ሆነዋል። ዕቃቸው ግን በአፋችን ውስጥ ተሟልቶ አለ። ጋኤታን “ታቦት!” ብሎ ጮኾ ቢሆን ማንም ቀና ብሎ አያየውም ነበር። እንዲያውም አንዱ ባንዲራ ሰቃይ መሰላል ላይ ሆኖ “ጽዋው!” ብሎ ያግዘው ነበር።

እሱ ግን በእንግሊዝኛ ተሳደበ። ያውም ጁን 24 ቀን፣ የሕዝባችንና የቋንቋችን በዓል በሚከበርበት ቀን፣ ማታ “የፈረንሳይኛ ክብር” የሚለውን የበዓሉን ንግግር ለማድረግ የተመረጠው ሰው ራሱ። ቃሏን የዘመኑ ወጣት እንደ ማስቲካ እያኘከ እንደሚውል አውቃለሁ። ንግግር አድራጊው ግን ወጣት አይደለም፤ የሰውነቱ ክብደት ይመሰክራል። በዚያ ላይ ባለፈው ሳምንት በከተማው ሬዲዮ ቀርቦ “በእኔ ቤት አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ጫማዋን አውልቃ ብትለምን እንኳ አትገባም” ብሎ ተናግሯል። ከተማው ሁሉ ሰምቶታል፤ ያልሰማው ቢኖር ራሱ ደውሎ ነግሮታል።

የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ዩጌት ከመረቁ ድስት አጠገብ ተነሥታ መጣች። ዩጌት ከጋኤታን ጋር አንድ ክፍል የተማረች፣ ትንሽ ልጅ ሳለ አፍንጫውን ትጠርግለት የነበረች ሴት ናት። እንዲህ ያለችውን ሴት መዋሸት ድንጋይ በማንኪያ ከመቁረጥ ይከብዳል። ጋኤታን ግን ሞከረ።

“አንተ፣” አለችው፣ ማይኩን በመዳፏ ሸፍና፣ “አሁን ያልከው ምንድን ነው?”

“ምን ሰማሽ?”

“ምን ሰማሽ ትለኛለህ? የሞተው አባቴ ሰምቷል።”

“ፎክ ነው ያልኩት።”

“እሱንማ ወንዝ ማዶም ሰምተውታል።”

“ፎክ ነዋ! እንስሳው!”

በቋንቋችን ፎክ ማለት በረዶ ላይ ተጋድሞ የሚውል ጢማም፣ ወፍራም የባሕር እንስሳ ነው። የእንስሳው ስምና የእንግሊዞቹ ስድብ በእኛ አፍ ሲነገሩ እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። የዛሬ የአንደኛ ክፍል ልጆች ሁሉ መምህራቸውን የሚያናድዱባት ቀልድ እሷ ናት። በዚች ቀልድ ነፍሱን ለማዳን የሞከረ ባለ ሽበት ሰው ግን ጋኤታን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

“የማታውን ግጥም እየተለማመድኩ ነበር፣” አለ። ልሳኑ አንዴ ከተፈታ የሚመልሰው የለም። “‘ፎክ! አንተ የሰሜን ባሕር ልጅ!’ ብሎ ነው የሚጀምረው። እንስሳው የእኛ ምሳሌ ነው። በበረዶ መሃል ብቻውን ቀርቶ…”

“አንድ እግርህን ይዘህ እየዘለልክ?”

“ስሜት ነው ዩጌት። እኔ እኮ ተዋናይ ነኝ።”

ዩጌት አየችው። ከዚያም ፈገግ አለች። በዚያ ፈገግታ ላይ ሰው ቢንሸራተት አንገቱ ይሰበራል።

“እንግዲያው ጥሩ፣” አለች። “ማታ ከንግግሩ በፊት ግጥሙን ታነብልናለህ። ፕሮግራሙ ላይ አስገባዋለሁ። ረጅም ነው?”

“በጣም።”

“ይርዘም።”

ማይኩን ለቀቀችና “ወገኖቼ፣ የሰማችሁት ስድብ ሳይሆን ሥነ ጽሑፍ ነው!” ብላ አወጀች። መናፈሻው በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ከድንች ጥብሱ ድንኳን ሆኖ እንደ እንስሳው ጮኸ፤ ሌላው በሁለት እጁ አጨበጨበ። ያን ጊዜ ጋኤታን የተሰማው ኀፍረት ከአንገቱ ተነሥቶ ጆሮው ላይ ደረሰ፤ ጆሮው ላይ እንቁላል ይጠበስ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከመድረኩ ጀርባ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሌለውን ግጥም ለመጻፍ ወረቀት አወጣ። “ፎክ” ብሎ ጻፈ። የሚቀጥለው ግን እምቢ አለ።

ሥራው የአሜሪካ ፊልሞችን የፈረንሳይኛ ድምፅ ማልበስ ነው። በሞንትሪያል አንድ ጠባብ ጨለማ ክፍል ውስጥ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ገጥሞ፣ በአንድ ጆሮው እንግሊዝኛውን እየሰማ፣ በአፉ ፈረንሳይኛውን እየተናገረ፣ ዓይኑን የተዋናዩ ከንፈር ላይ ተክሎ፣ ከንፈሩ ሲዘጋ እየዘጋ፣ ሲከፈት እየከፈተ ሠላሳ ዓመት ኖረ። ፈረስ ላይ የሚወጣው ላም ጠባቂ፣ በር በእርግጫ የሚከፍተው ፖሊስ፣ ዓለምን የሚያድነው ጡንቸኛ፣ ሁሉም በኩቤክ ቤቶች በጋኤታን ጉሮሮ ነው የተናገሩት። በዚህ አህጉር ላይ እንዲህ ያለ ጉሮሮ አልተፈጠረም፤ ከተፈጠረም ለዶሮ ነው የተሰጠው።

ለማታው ያዘጋጀው ንግግር እጅግ ያማረ ነበር። የሩሲያ ነገሥታት ከሚስቶቻቸው ጋር በፈረንሳይኛ የተጣሉበትን፣ የዓለም አምባሳደሮች ሁሉ በፈረንሳይኛ የተዋሹበትን ዘመን ያነሣል። “ያን ክብር ማን ወሰደው?” ብሎ ይጠይቃል። መልሱንም ያውቃል፤ ንግግሩ ላይ ግን አልጻፈውም። እንግሊዝኛ ነው የወሰደው፤ በመድፍ ግን አልነበረም። አንዱ ዘፈነ፣ አንዱ ፈረስ ጋለበ፣ አንዱ በር ሰበረ፤ ልጆችም እንደ እነሱ መሆን ፈለጉ። ያንን ፈረሰኛ በጀርባው ተሸክሞ ሳሎናቸው ያስገባላቸው ደግሞ ጋኤታን ነው። መጀመሪያ በፈረንሳይኛ ወደዱት። ከወደዱት በኋላ የራሱን ድምፅ መስማት ፈለጉ።

የልጁ ልጅ ማኤሊ የሚበላ ነገር ይዛ መጣች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ጉንጯ ላይ ባንዲራ ተስሏል።

“አያቴ፣ ቪዲዮህን አየሁት።”

“የምን ቪዲዮ?”

“ብረቱ ሲወድቅብህ። የጓደኛዬ የኦሴያን ወንድም ነው የቀረጸው። ዘፈን አድርገውበታል። ደስ ይላል! ፎክ፣ ፎክ፣ ፎክ፣ ከዚያ ከበሮው ይገባል።”

ጋኤታን ዓይኑን ጨፈነ።

“አትዘን፣” አለችው፣ ጉልበቱን መታ መታ አድርጋ፣ እንደ ትልቅ ሰው። “ሁሉም ሰው እኮ ይለዋል። እኔ ግን አልልም።”

“ጎበዝ።”

“እኔና ኦሴያን በእንግሊዝኛ መሳደብ ትተናል። ፋራ ነው። የእናቴ ዘመን ነገር ነው።”

“እና በምን ልትሳደቡ ነው?”

“በኮሪያኛ። ዘፋኞቹ የሚሉትን እየጻፍን እናጠናለን። እስከ መቶ ልቁጠርልህ?”

“አትቁጠሪልኝ።”

“ሐና፣ ቱል፣ ሴት…”

ቆጠረችለት። ጋኤታን እያዳመጠ ሳለ አንድ እንግዳ ሐሳብ መጣበት፤ ሠላሳ ዓመት በጀርባው ተሸክሞ ያስገባው ፈረሰኛ ራሱ አርጅቶ ከበር ሊወጣ ነው። እሱ ግን ገና በፈረሰኛው ቋንቋ ነው የሚያመው። የሚያሳፍረው የቱ እንደሆነ መለየት አቃተው፤ ቋንቋውን መክዳቱ ነው ወይስ ዘግይቶ መክዳቱ?

“አያቴ፣ አንድ ነገር ልንገርህ?”

“ንገሪኝ።”

“ፊልሞቹን በአንተ ድምፅ የማላየው አስጠልተኸኝ አይደለም። አፋቸው አንድ ነገር ይላል፣ አንተ ሌላ ትላለህ። ማንን እንደማምን ግራ ይገባኛል።”

ይህን ብላ እየዘለለች ሄደች። ልጅ ማለት ሰው ገድሎ እየዘለለ የሚሄድ ፍጡር ነው።

አመሻሹ ላይ የአረጋውያን መኖሪያው አውቶቡስ መጥቶ እናቱን አወረደ። እማማ ፍሎሬት ከመጡት አረጋውያን ሁሉ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ በቁመት ግን ማኤሊን አያክሉም። ለበዓሉ ብለው ጸጉራቸውን ጠዋት ተሠርተዋል፤ ነጭ ደመና የተቆለለባቸው ይመስላሉ። ይህን ምሽት ክረምቱን ሙሉ ሲጠብቁ ነበር የከረሙት። ልጃቸው በሌሎች ሰዎች አፍ ሲናገር ሠላሳ ዓመት ሰምተዋል፤ በገዛ አፉ፣ በገዛ ከተማው ሲናገር ሊሰሙት ነው። ከፊተኛው ረድፍ ወንበር ይዘው ልጃቸውን በከዘራቸው ጠሩት።

“ጋኤታን! ድምፅህን ከአልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁት እኮ።”

“እማዬ፣ እሱ እኮ…”

“ፎክ አልክ።”

“አይ፣ እሱ…”

“ደስ አለኝ።”

“ደስ አለሽ?”

“ምን ላድርግ ታዲያ? ወንበር አንሡ ሲባሉ የሚያንቀላፉ ሰዎች! እንደዚያ ነው የሚባሉት። ፎክ! ፎክ! እኛ በዚያች ቃል ነው ያደግነው። ደግሞ እንዴት አድርገህ አልካት! ልክ እንደ ሚስተር ኮልቢ።”

ጋኤታን አጠገባቸው ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ተቀመጠ ማለት ክብር ነው፤ ወደቀ ማለት ይሻላል።

እማማ ፍሎሬት ከልጅነታቸው ጀምሮ ፋብሪካው እስከተዘጋበት ቀን ድረስ ከወንዙ ዳር ባለው የጥጥ ፋብሪካ ሸማኔ ነበሩ። ሴቶቹ ሁሉ ከፈረንሳይኛ በቀር አያውቁም፤ አለቃቸው ሚስተር ኮልቢ ደግሞ ከእንግሊዝኛ በቀር አያውቅም። የማሽኑ ድምፅ ሰማይ የሚቀድ ነበር። ኮልቢ በማሽኖቹ መሃል እየተመላለሰ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ ሴቶቹን “ፎክ! ፎክ!” እያለ ይጮኽባቸዋል። ቃሉን የሚተረጉምላቸው አልነበረም። እሱ ሲጮህ እጃቸው መፍጠን እንዳለበት ግን ያዩታል። ስለዚህ ተመካክረው ተረጎሙት፤ ፎክ ማለት ፍጠኑ ማለት ነው አሉ። የፋብሪካው ሴቶች ሁሉ ቃሉን ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ። “ፎክ፣ ፎክ፣ ልጆቼ፣ አውቶቡሱ መጣ!” “ፎክ በሉ፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል!” ጋኤታን ያደገበት ሰፈር በሙሉ በየጠዋቱ በዚህ ቃል ነበር የሚቀሰቀሰው።

ትርጉሙን ያወቀው ሞንትሪያል ገብቶ፣ በመጀመሪያው ፊልሙ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ነው። ስክሪኑ ላይ አንድ ወንድ አንዲትን ሴት ግድግዳ አስደግፎ ያንን ቃል ፊቷ ላይ ተፋባት። ጋኤታን የተጻፈለትን ፈረንሳይኛ አየ፤ ከዚያ ተዋናዩን ረሳውና የኮልቢ ፊት ታየው።

ለእናቱ አልነገራቸውም። ለማንም አልተናገረም። ይልቅ የሞንትሪያል ጓደኞቹን ወደ ቤት ማምጣት ተወ። ሲያገባ ግን ማምጣቱ ግድ ሆነ። የሠርጉ ዕለት ቅዳሴው ሲረዝም እናቱ ከፊተኛው ረድፍ ተነሥተው በሙሉ ድምፃቸው “ፎክ፣ ፎክ፣ አባቴ! የድግሱ ሥጋ ይቀዘቅዛል!” አሉ። ቄሱ አቀረቀሩ። የሚስቱ ቤተሰቦች በመሐረባቸው አፋቸውን ይዘው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ጋኤታንም አብሯቸው ሳቀ። እናቱ ሁሉም ደስ ያለው መስሏቸው ዞረው ሲያዩት፣ እሱ እየሳቀ ነበር። ሚስቱ በፍቺ ከሄደች ብዙ ዘመኗ ነው፤ ያ ሳቅ ግን ከቤቱ አልወጣም።

“አንድ ነገር ግን አልገባኝም፣” አሉ እማማ ፍሎሬት። “ዩጌትን ሳገኛት የባሕር እንስሳ ነው ያለው አለችኝ። አንተ ነህ እንደዚያ ያልካት?”

“ለቀልድ ነው እማዬ።”

“ምኑ ነው ቀልዱ?” ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱት። “እኔ እኮ አውቅሃለሁ። አፍረህ ነው። የእናትህ የፋብሪካ ቃል ስለሆነች፣ እዚህ ሁሉ የተማረ ሰው ፊት ስላመለጠችህ፣ አፍረህ እንስሳ አደረግካት።”

ትክክል ነበሩ፤ ግን ትክክል የሆኑበትን መንገድ አያውቁትም።

“ስለዚህ ዩጌትን ‘ከእሱ በፊት አንድ ደቂቃ ማይኩን ስጪኝ’ አልኳት። እሺ ብላኛለች።”

“ምን ልትዪ?”

“እውነቱን ነዋ! ‘ልጄ አልተሳደበም፣ እንስሳም አልጠራም። ፎክ ማለት ፍጠኑ ማለት ነው፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩት’ እላለሁ። ‘የፋብሪካ ሴቶች እንግሊዝኛ አያውቁም ትላላችሁ፤ አንድ ቃል እናውቃለን’ እላቸዋለሁ።” ሳቁ፤ በደንብ የተዘጋጁበት መሆኑ ያስታውቃል። “ሰው ሁሉ ሚስተር ኮልቢ ክፉ ነበር ይላል። ችኩል ነበር እንጂ ክፉ አልነበረም። አንድ ቀን ሰድቦኝ አያውቅም።”

“እማዬ፣ ተይው።”

“ለምን?”

“ይደክምሻል። ደረጃው ረጅም ነው።”

“ሁለት ደረጃ ነው።”

“ሰው ይበዛል…”

“ይብዛ! አንተ ሰው ሲበዛ ትወድ የለ? ሂድ ይልቅ፣ ከረባትህን አስተካክል።”

ተነሥቶ እያነከሰ ዩጌትን ፍለጋ ሄደ። መናፈሻው ሞልቷል። ሞልቷል ስል ዝም ብዬ አይደለም፤ ያን ምሽት በከተማው ውስጥ ቤቱን የሚጠብቅ ውሻ እንኳ አልቀረም። የሚነፋ የፕላስቲክ ፎክ ከየት እንዳመጡ እንጃ፣ ወጣቶቹ አንዱን በራሳቸው ላይ እየተቀባበሉ “ግጥሙ! ግጥሙ!” ይላሉ። እነዚህ ሁሉ አፎች በአንድ ጊዜ ተከፍተው እናቱ ላይ ሲስቁ ታየው። እናቱም በዚያ ነጭ ደመና ሥር ሆነው፣ ሁሉም ደስ ያለው መስሏቸው፣ አብረው ሲስቁ።

ዩጌት መድረኩ ሥር ቆማ ፕሮግራሙን ታያለች።

“ዩጌት፣ እናቴን ከፕሮግራሙ አውጪልኝ።”

“ምነው?”

“አውጪያት ዝም ብለሽ።”

“ክረምቱን ሙሉ ስለ አንተ ሲያወሩ የከረሙ ሴት ናቸው። አንድ ደቂቃ ነው የለመኑኝ። ምን ብዬ ነው የማወጣቸው?” አየችው፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ተንኮሏ ሁሉ ከፊቷ ጠፋ። “ጋኤታን፣ እውነት ንገረኝ። እናትህ… እየዘነጉ ነው እንዴ? ጭንቅላታቸው… ከሆነ ግድ የለም፣ ይገባኛል። የእኔም እናት እንደዚያ ነበረች። በዘዴ አሳልፈዋለሁ። ሰው ሳያውቅ።”

በዚህ ዓለም ላይ ከዚያ የቀለለ ሥራ ለሰው ልጅ ተሰጥቶ አያውቅም። አገጭን አንድ ጣት ያህል ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። እናቱ በወንበራቸው ይቀራሉ፤ ማንም አይስቅባቸውም። እሱ ይወጣል፤ ስለ እንስሳው አንድ ሁለት ስንኝ ቀልዶ፣ ሕዝቡን አስቆ፣ ከዚያ ወደ ሩሲያ ነገሥታት ይገባል። ጭብጨባው እስከ ሞንትሪያል ይሰማል። ሁሉም ሰው ይድናል። ነገ መኖሪያው ውስጥ ነርሷ ለእናቱ ቀስ እያለች፣ ጮክ እያለች፣ እንደ ሕፃን ማናገር ትጀምራለች፤ በቃ፣ ዋጋው እሱ ብቻ ነው።

አገጩ መውረድ ጀመረ። ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ከዩጌት ትከሻ በላይ እናቱን አያቸው። ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ከፊታቸው ማንም ሳይኖር፣ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ንግግራቸውን እየተለማመዱ ነው። ጋኤታን ደግሞ ከንፈር ማንበብ ይችላል፤ እንጀራው ነው። “አንድ ቃል እናውቃለን” አሉ ከንፈሮቹ። ቆም ብለው አሰቡና ደገሙት፤ በሁለተኛው ላይ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

“አይደለም፣” አለ ጋኤታን። “የእናቴ ጭንቅላት ከእኔም ካንቺም ጭንቅላት ይሻላል።”

“ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?”

“ችግሩ እኔ ነኝ። ግጥም የለም ዩጌት።”

“እሱንማ ጠዋትም አውቄዋለሁ።”

“በእንግሊዝኛ ነው የተሳደብኩት።”

“እሱንም።” ፈገግ ልትል ጀመረችና ፊቱን አይታ ተወችው። “ሰዓቱ ደርሷል እኮ፤ አሁን ወጥቼ መጥራት አለብኝ። ማንን ልጥራ? አንተን ወይስ እናትህን?”

“እናቴን አትጥሪ። ከእኔ ጋር ነች።”

“አንተስ?”

እሱ ግን ሄዷል። ሕዝቡን በትከሻው እየከፈለ፣ እያነከሰ፣ “ፎክ! ፎክ!” ብለው ትከሻውን የሚመቱትን እያለፈ ፊተኛው ረድፍ ደረሰ። አንድ ወንበር ጎትቶ በእናቱ በቀኝ በኩል፣ በሚሰማው ጆሯቸው በኩል አደረገና ተቀመጠ። እጃቸውን ያዘ። የሽመናው ክር የቆረጣቸው የድሮ ጠባሳዎች ሁሉ እዚያው ናቸው። ስንት ጊዜ ይዞት ያውቃል ያንን እጅ? የዛሬውን ያህል የከበደው ግን የለም።

“ምነው መጣህ?” አሉት። “ተራዬ ደረሰ?”

“እማዬ፣” አለ። የፊልሙ ድምፅ አልነበረም፤ እሱም ራሱ ሲሰማው ደነገጠ። “ሚስተር ኮልቢ ፍጠኑ አልነበረም የሚላችሁ።”

እማማ ፍሎሬት አላዩትም። ዓይናቸው መድረኩ ላይ ነበር። ከንፈራቸው ልምምዱን አቆመ። እጃቸውን ሳያስለቅቁት፣ ጆሯቸውን ወደ እሱ አስጠጉ።

“ታዲያ ምን ነበር የሚለን?”

በዚያን ጊዜ ድምፅ ማጉያዎቹ ሁሉ በአንድ ላይ ተከፈቱ። ዩጌት ስሙን ከነሙሉ ማዕረጉ ጠራችው፤ የከተማችን ልጅ፣ የኩቤክ ድምፅ፣ ጋኤታን ላቨርዲዬር! መናፈሻው በጭብጨባ ተናወጠ። የፕላስቲኩ እንስሳ ወደ ሰማይ ተወረወረ። ከየአቅጣጫው “ጋኤታን! ጋኤታን!” ይሉ ጀመር።

“እየጠሩህ ነው፣” አሉ እናቱ።

“ይጥሩ፣” አለ። ወንበሩን ይበልጥ አስጠግቶ፣ በጆሯቸው፣ ቃል በቃል መተርጎም ጀመረ።